ተከራይ ከመግባቱ በፊት፦ ቤት ማከራየት ለሚጀምሩ

«ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሜአለሁ፤ አንድ ኮንዶሚኒየም ገዝቼ ባከራየውስ?» ይህን ጥያቄ ከዘመድ ወይም ከሥራ ባልደረባ ያልሰማ አዲስ አበቤ ያለ አይመስለኝም። የሚጠየቅበትም ምክንያት ግልጽ ነው። በቁጠባ ሒሳብ የተቀመጠ ብር በዓመት 7 በመቶ ወለድ እያገኘ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ያለፈባቸውን ዓመታት አሳልፈናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከደመወዙ ቆጥቦ ያስቀመጠ ሰው ገንዘቡ በእጁ እያለ ሲሟሟ አየ። ቤት ግን ቆሞ ይታያል። ጥሪት ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ቤት የሚጥለው ለዚህ ነው።

ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ቤት መግዛትና ቤት ማከራየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ይዘነጋል። ገዝቶ የሚያስቀምጥ ሰው ዋጋው እስኪወደድ ይጠብቃል። የሚያከራይ ሰው ግን ደንበኛ፣ ወጪ፣ ግብርና ሕግ ያለው ንግድ ከፍቷል። እኔ በወላጆቼ ግቢ ካሉ ሰርቪስ ክፍሎች ጀምሬ ሳከራይ በቆየሁባቸው ዓመታት የተማርኩት ዋና ነገር፣ የዚህ ንግድ ትርፍና ኪሳራ የሚወሰነው ተከራዩ ዕቃውን ጭኖ ከመምጣቱ በፊት መሆኑን ነው። ወሳኞቹ አስቀድሞ የተሠራው ሒሳብ፣ የተመረመረው ካርታና የተፈረመው ውል ናቸው። ተከራዩ ከገባ በኋላ ሊስተካከል የሚችለው ጥቂት ነው።

ሒሳቡ

ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም በ6 ሚሊዮን ብር ገዝተው በወር 25,000 ብር አከራዩ እንበል። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ የራስዎን ሰፈር ዋጋ ይተኩባቸው። የዓመቱ ኪራይ 300,000 ብር ይሆናል። ብዙ ሰው ሒሳቡን እዚህ ላይ ይዘጋዋል። ሥራው ግን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ሁለት ዓመት የተቀመጠ ተከራይ ወጥቶ፣ ቤቱ ታድሶና ቀለም ተቀብቶ ሌላ ሰው እስኪገባ አንድ ወር ባዶ ቢቆም፣ ለሁለት ዓመት ሲካፈል በየዓመቱ 12,500 ብር ይጎድላል። ለጥገና 20,000፣ ለጣሪያና ግድግዳ ግብርና ለጥቃቅን ወጪዎች 7,500፣ ለኪራይ ገቢ ግብር ደግሞ 35,000 ብር ይመድቡ። ድምሩ 75,000 ነው። በእጅዎ የሚቀረው 225,000 ብር፣ ካወጡት 6 ሚሊዮን አንጻር 3.75 በመቶ ብቻ ነው። ይህ ባንኩ ያለ አንዳች ድካም ከሚሰጥዎት ወለድ ያንሳል።

እንግዲህ በገበያ ዋጋ የተገዛ ቤት አትራፊ የሚሆነው በኪራዩ ሳይሆን በራሱ ዋጋ መጨመር ነው። ለሠላሳ አምስት ዓመት ወጣት ይህ ሊበቃው ይችላል፤ ኪራዩ ትንሽም ቢሆን ቤቱ ከዋጋ ንረት ይጠብቀዋል። ጡረታ ወጥቶ በየወሩ የሚበላውን ከኪራይ ለሚጠብቅ ሰው ግን 6 ሚሊዮን ብር አስሮ በወር ከ19,000 ብር በታች መቀበል ከባድ ምርጫ ነው። ሁለቱ ሰዎች አንድ ቤት ቢገዙም ያደረጉት ነገር አንድ አይደለም። እርስዎ የትኛው እንደሆኑ ደላላ ከመጥራትዎ በፊት ይወስኑ።

ብድር ሲጨመርበት ነገሩ ይከፋል። ከ6 ሚሊዮኑ ግማሹን በ16 በመቶ ወለድ ቢበደሩ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ ወደ 480,000 ብር ይጠጋል። የቤቱ ሙሉ ኪራይ፣ ምንም ሳይቀነስለት፣ 300,000 ነው። ስለዚህ ዋናውን ዕዳ ሳይነኩ 180,000 ብር ከደመወዝዎ ይጨምራሉ ማለት ነው። «ኪራዩ ራሱ ዕዳውን ይከፍለዋል» የሚለው አባባል ከየት መጣ ካሉ፣ በ20/80 ፕሮግራም ዕጣ ከወጣላቸው ሰዎች ታሪክ ነው። እነርሱ ቤቱን ከገበያ በታች በሆነ ዋጋ፣ 20 በመቶውን ቆጥበው ቀሪውን 80 በመቶ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በረጅም ጊዜ ብድር አገኙት። ብዙዎቹም ቤቱን አከራይተው ራሳቸው ከቤተሰብ ጋር ተጠግተው ወይም ርካሽ ክፍል ተከራይተው የባንኩን ወርኃዊ ክፍያ በኪራዩ ሸፈኑ። ለእነርሱ ሠርቷል። ዛሬ በገበያ ዋጋ የሚገዛ ሰው ያንን ታሪክ ይዞ ባንክ ቢሄድ ግን ራሱን ይጎዳል።

በእጅ ካለው መጀመር

ታዲያ ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው ከየት ይጀምር? ይዞታ ካለው፣ ወይም ወላጆቹ ግቢ ካላቸው፣ የእኔ መልስ አንድ ነው፦ ከግቢው። መሬቱ የተያዘ ነው፣ አጥሩ የታጠረ ነው፣ ውኃና መብራቱ ገብቷል። ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች ከመጸዳጃና ከማብሰያ ጋር በ900,000 ብር ቢሠሩና እያንዳንዳቸው በወር 6,000 ብር ቢከራዩ፣ በዓመት 216,000 ብር ያስገባሉ። ይህ ወጪው ሳይቀነስ ካወጡት ገንዘብ 24 በመቶ ነው። ጥገናውና ግብሩ ሲነሣለት እንኳን ከኮንዶሚኒየሙ ጋር የሚወዳደር አይደለም። አንዱ ክፍል ባዶ ቢሆን ደግሞ ሁለቱ ይሠራሉ፤ ኮንዶሚኒየሙ ባዶ ሲሆን ግን ገቢው ሙሉ በሙሉ ይቆማል።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉት። የመጀመሪያው የግንባታ ፈቃድ ነው። ከካርታው ወይም ከፕላኑ ውጪ የተሠራ ክፍል ሊፈርስ ይችላል፤ ነገ ቤቱ ለመንገድ ቢነሣም ካሳ ሲጠየቅ ክርክር ያስነሣል። ሁለተኛው መጸዳጃ ቤቱ ነው። ለአምስት ክፍል አንድ መጸዳጃ ሠርቶ ኪራይ የሚሰበስብ አከራይ በየስድስት ወሩ ተከራይ ይቀይራል። አንድ ተጨማሪ መጸዳጃና ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ሮቶ፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ከማንኛውም ቀለምና ሴራሚክ ይልቅ ሰው ያቆያል።

የቆዩት የአዲስ አበባ ሰዎች ከአንድ ቤት በላይ መያዝን በፍርሃት የሚያዩበት ምክንያት አላቸው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና «ትርፍ ቤት» የተባለውን ሁሉ የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት «ኪራይ ቤቶች» ለሚባለው የመንግሥት ድርጅት ተሰጡ። ሁለት ክፍል አከራይታ ልጆቿን ታሳድግ የነበረች ባልቴትም በአንድ ቀን ያላትን አጣች። የዛሬው ሕግ የተለየ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም፣ በላዩ ላይ የሠሩት ቤት የግልዎ ነው። ከአንድ በላይ ቤት መያዝም ወንጀል አይደለም። ሽማግሌዎቹ ሲጠነቀቁ ግን «ጊዜው አልፎበታል» ብሎ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም፤ እነርሱ ያዩትን አይተው ነው። ከፍርሃታቸው የምንወስደው ትምህርት ሁሉንም ጥሪት በአንድ ቤት ላይ አለማፍሰስን ነው።

ካርታውን ማንበብ

ለመግዛት ከወሰኑ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት የሚመረመሩ ነገሮች አሉ። ደላላው «ዛሬ ካልያዝከው ነገ የለም» ሲል መቸኮል የለብዎትም፤ ጥሩ ቤት ሲያመልጥ ያናድዳል፣ መጥፎ ቤት ሲያዝ ግን ለዓመታት ፍርድ ቤት ያመላልሳል።

ካርታው ላይ ያለው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር አንድ መሆን አለበት። ከዚያ ቤቱ ካለበት ክፍለ ከተማ የመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤት የዕዳና እገዳ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ቤቱ በባንክ ተይዞ፣ በፍርድ ቤት ታግዶ ወይም የሊዝ ውዝፍ ተቆልሎበት እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የባንኩን ቀሪ ዕዳ መግለጫ ከባንኩ ራሱ ያስወጡ፤ ሻጩ በቃል የሚነግርዎትን አይቀበሉ። እግረ መንገድዎንም ቤቱ በመንገድ ወይም በመልሶ ማልማት ፕላን ውስጥ መግባት አለመግባቱን ይጠይቁ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ስንት ሰፈር እንደተነሣ ያየ ሰው ይህን መጠየቅ ለምን እንደሚያስፈልግ አይጠፋውም።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት አንደኛው ብቻውን እንዲሸጥ አይፈቅድም። ባልየው ፈርሞ ገንዘብ ተቀብሎ ሚስት ከዓመት በኋላ ውሉ ይፍረስልኝ ብላ የከሰሰችበት ጉዳይ ብርቅ አይደለም፤ መብቷም ነው። ቤቱ የውርስ ከሆነ ደግሞ የወራሽነት ማረጋገጫው ላይ ያሉት ሁሉ መፈረም አለባቸው፤ ውጭ አገር ያለው ታናሽ ወንድምም ጭምር። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በውልና ማስረጃ ፊት ይደረግ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በዚህ መንገድ እንዲሆን ያዝዛል።

በውክልና ስለሚሸጥ ኮንዶሚኒየም ግን ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ ተከልክሏል፤ ማከራየት ግን ይቻላል። ክልከላውን ለማለፍ ሻጭ ገንዘቡን ተቀብሎ ለገዢው ውክልና ይሰጠዋል፤ አምስት ዓመቱ ሲሞላ ስም ይዛወራል ተብሎ። በመሐል ምን ሊሆን እንደሚችል ግን ያስቡ። ውክልናን የሰጠው ሰው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ሻጩ ቢሞትም፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ውክልናው አብሮት ይሞታል። ያኔ የሚመጡት ወራሾች ናቸው፤ እነርሱ ስለ ሽያጩ ምንም ላያውቁ ወይም አናውቅም ሊሉ ይችላሉ። ሕግ የከለከለውን ሽያጭ ይዞ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው በምን ተማምኖ ይከራከራል? ዋጋው ረከስ የሚለው ለዚህ ነው። ለኪራይ ንግድ የሚገዛ ሰው ይህን ቤት ይተወው እላለሁ።

ካርታ የሌለው ጨረቃ ቤትም እንዲሁ ነው። ኪራዩ ከዋጋው አንጻር ሲታይ ያጓጓል፤ የሚያጓጓው ነገ ስለማይታወቅ ነው።

1320

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የአከራይነትን ሥራ ከሥሩ ለውጦታል። ከዚያ በፊት የነበረውን አሠራር ሁላችንም እናውቀዋለን። ውሉ የቃል ነው፤ ወይም ከጽሕፈት ዕቃ መደብር የተገዛ አንድ ገጽ ቅጽ። ኪራዩ በስድስት ወሩ ይጨመራል፤ ያልተስማማው ተከራይ ዕቃውን ጭኖ ይወጣል። ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ሰፈር የቀየረ ስንት ቤተሰብ አለ።

በአዋጁ መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ፣ በተፈረመ በ30 ቀናት ውስጥ ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ መመዝገብ አለበት፤ በአዲስ አበባ ይህ የሚደረገው በወረዳ ነው። ውሉ ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ የስድስት ወርና የዓመት ቅድሚያ መጠየቅ ቀርቷል። ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ይከፈላል። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መጠን ብቻ ነው። ቤቱ ቢሸጥም አዲሱ ባለቤት ተከራዩን በነጋታው ማስወጣት አይችልም፤ የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት።

ብዙ አከራዮች ይህን አዋጅ እንደ ጠላት ያዩታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ተከራይ ሁለት ዓመት እንደሚቆይ ካወቀ የተሰበረውን መስኮት እንደ ራሱ ያያል፤ አከራይም ቢያንስ ለሁለት ዓመት ገቢውን ያውቃል። ነገር ግን አዋጁ አንድ ነገር አጥብቋል፦ የመጀመሪያውን ቀን። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከራይ ቤት ዋጋው የሚወሰነው በሁለቱ ስምምነት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በዚያ ዋጋ ላይ ይቆማል። ስለዚህ በችኮላ ዝቅ ያለ ዋጋ የሰየመ ሰው ለዓመታት አብሮት ይኖራል። ከፍ አድርጎ ሦስት ወር ባዶ ያቆመም እንደዚያው ከስሯል፤ በ25,000 የሚከራየውን ቤት 28,000 ካልሆነ ብሎ ሦስት ወር ያቆመ ሰው ያጣው 75,000 ብር ነው። በወር 3,000 ብር እየተቀበለ ያንን ለመመለስ 25 ወር ይፈጅበታል፤ ውሉ ግን ሁለት ዓመት ነው።

ለግብር ሲባል ዝቅተኛ ዋጋ ጽፎ ማስመዝገብና ሌላውን በእጅ መቀበል ለአንዳንዱ ብልጠት ይመስለዋል። ሕገ ወጥ መሆኑ ይቅርና ለራሱ ለአከራዩ ወጥመድ ነው። የሚፈቀደው ጭማሪ የሚሰላው በተመዘገበው ዋጋ ላይ ነው። ተከራዩ በሦስተኛው ወር «ውሉ ላይ ያለውን ብቻ ነው የምከፍለው» ቢል አከራዩ የሚከራከርበት ወረቀት የለውም።

ተከራዩና ውሉ

የሁለት ዓመት ውል ሲገቡ የሰውየውን ነገር ማጣራት ተገቢ ነው። ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያጣራው የማይጠቅመውን ነው፤ ከየት አካባቢ እንደመጣ፣ የየትኛው እምነት ተከታይ እንደሆነ፣ ልጅ እንዳለው። እኔ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ መታወቂያ፣ ገቢው ከምን እንደሆነ፣ እና የቀድሞ አከራዩን ስልክ። የቀድሞው አከራይ ከሁሉም በላይ ይነግርዎታል፤ ያውም አሁን ያለበትን ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበረበትን ይጠይቁ፤ የአሁኑ እንዲወጣለት ፈልጎ ሊያመሰግነው ይችላል። ደሞዙ ከኪራዩ ጋር የማይመጣጠን ከሆነ ዋስ ይጠየቅ።

ልጅ ያለው ቤተሰብ አልፈልግም የሚል አከራይ ሲያጋጥመኝ አዝናለሁ፤ በሒሳብም ተሳስቷል። ልጁን በሰፈሩ ትምህርት ቤት ያስገባ ቤተሰብ በቀላሉ አይለቅም። ግድግዳው ላይ እርሳስ ሊጫርበት ይችላል። አንድ ባልዲ ቀለም ከአንድ ባዶ ወር ይረክሳል።

ውሉ ላይ የኪራዩ መጠን፣ የሚከፈልበት ቀንና የባንክ ሒሳቡ መጻፉ የታወቀ ነው። የሚዘነጉት ሌሎቹ ናቸው። ሲገባ የቆጣሪው ንባብ ስንት ነበር? ቁምሳጥኑ፣ የውኃ ማሞቂያው፣ የቁልፎቹ ቁጥር? እነዚህን በዝርዝር ጽፈው በፎቶግራፍ ያስደግፉ። የቧንቧ ጎማ ሲያልቅ ማን ይቀይራል፣ የመጸዳጃው ፍሳሽ ሲደፈንስ? በኮንዶሚኒየም የጥበቃና የጽዳት መዋጮውን የሚከፍለው ማን ነው? መብራቱ የካርድ ቆጣሪ ካልሆነ ተከራይ ትቶት የሚወጣው ዕዳ በባለቤቱ ስም እንደሚቆይም አይርሱ። ከተቻለ በካርድ ያስለውጡት።

አንድ ግቢ ውስጥ አብረው የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ የግቢው ሥርዓት አለ። በር የሚዘጋበት ሰዓት፣ እንግዳ ማሳደር፣ ልብስ የሚታጠብበት ቀን። በከተማችን ተከራይ ሆኖ የኖረ ሰው ሁሉ እነዚህን ደንቦች የሚሰማው ከገባ በኋላ፣ በቁጣ ነው። ደንብ ካለዎት ከመፈረሙ በፊት ይናገሩት፤ ለመናገር የሚያሳፍር ደንብ ከሆነ ይተዉት። ኪራይ የከፈለ ሰው ክፍሉ ቤቱ ነው፤ ሳያንኳኩ አይገባም።

ግብር

የኪራይ ገቢ ግብር በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ «ለ» ሥር ይወድቃል። መጣኔው ደረጃ በደረጃ እየጨመረ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሏልና የደረጃዎቹን ወለልና ጣሪያ፣ የሚቀነሰውንም ወጪ ልክ ከአካባቢዎ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት የወቅቱን ሠንጠረዥ ወስደው ይመልከቱ።

ለጀማሪው ዋናው ቁም ነገር ግብሩ የሚሰላው ከጠቅላላው ኪራይ ሳይሆን ወጪ ከተቀነሰለት በኋላ መሆኑ ነው። ለወጪ ተብሎ በመቶኛ የሚታሰበው የሒሳብ መዝገብ ለማይዙ አነስተኛ አከራዮች ነው፤ መዝገብ የሚይዝ ሰው ደግሞ ጥገናውን፣ የብድር ወለዱን፣ የእርጅና ቅናሹን በማስረጃ ያስቀንሳል። በብድር የገዛ ወይም በዓመቱ ጣሪያ የቀየረ ሰው መዝገብ መያዙ ሊጠቅመው ስለሚችል ለሒሳብ ባለሙያ የሚከፍለው ገንዘብ ይመለስለታል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚያበቃ ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ገንዘቡ ተለይቶ መቀመጥ አለበት። እኔ ከየወሩ ኪራይ አንድ አምስተኛውን በተለየ የባንክ ሒሳብ አስቀምጣለሁ፤ ግብሩም፣ ባዶው ወርም፣ የፈነዳው ቧንቧም ከዚያ ይከፈላል።

በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅም ጸድቋል። ቤቱ ተከራየም አልተከራየም የሚከፈል በመሆኑ ከላይ ባሰላነው ሒሳብ ውስጥ ቦታ ይሰጠው።

ከሩቅ ለሚያከራዩ

ይህን ከሚያነቡት ብዙዎቹ ገንዘቡን ያጠራቀሙት በዋሽንግተን፣ በሪያድ ወይም በቤይሩት ሊሆን ይችላል። የውጭ ዜግነት ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ በቢጫ ካርዱ ቤት መያዝ ይችላል፤ አስቸጋሪው ነገር በማን እጅ እንደሚተዳደር ነው። በተለይ በሰው ቤት ሠርተው ለወንድም ገንዘብ የላኩ እህቶች ሲመለሱ ቤቱ በወንድሙ ስም ተሠርቶ የሚያገኙበት ታሪክ በየሰፈሩ አለ። ወንድምየው ክፉ ሆኖ ላይሆን ይችላል፤ ካርታ ሲወጣ እርሱ ነበረ፣ እርሷ አልነበረችም።

ሕጉ ለዚህ መላ አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የአስተዳደር ሥልጣን ነው። ወኪሉ ኪራይ ይሰበስባል፣ ያስጠግናል፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜም ያከራያል። ቤቱን ለመሸጥ ወይም በዋስትና ለማስያዝ ግን ልዩ ሥልጣን በውክልናው ላይ መጻፍ አለበት። ስለዚህ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የሚሰጠውን ቅጽ ሲሞሉ «መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ» የሚሉት ቃላት አስቀድመው ተጽፈው ከሆነ ያስወጧቸው። ካርታው በእርስዎ ስም ይሁን፤ ኪራዩ በቀጥታ በእርስዎ ስም ወዳለ ሒሳብ ይግባ፤ ወኪልዎ ለድካሙ የሚከፈለው ወርኃዊ ክፍያ ተቆርጦ ይታወቅ። ወንድም ወንድሙን በነጻ እንዲያገለግል መጠበቅ ነው ብዙውን ጊዜ ቅሬታውን የሚወልደው። ጣሪያ ለማስቀየር ሲሄድ ሥራውን ትቶ ነው፤ ከተከራይ ጋር የሚጨቃጨቀው እርሱ ነው፤ ወረዳ ተሰልፎ ውል የሚያስመዘግበውም እርሱ ነው። ከኪራዩ ለእርሱ የሚሰጠውን አስቀድመው በወጪ መዝገብ ላይ ያስፍሩ፤ ቤቱን የመግዛት ውሳኔዎንም ይህ ወጪ ተቀንሶ በቀረው ቁጥር ላይ ያድርጉ።